ባለ ሁለት ክንፉ ጃዕፈር፡ ሁለተኛ ሆኖ የተመረጠው መሪ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማን አር-ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



እንደምታውቁት የማኅበራችን የሥራ አመራር ምርጫ ተቃርቧል። እኔም ከአስመራጭ ኮሚቴው አባላት አንዱ ነኝ። ላለፉት ሳምንታት በፎረስት ፓርክና በዙሪያው ያሉ ቤተሰቦችን፣ ከካርል ሮድ እስከ ሞርስ ሮድ፣ ቤት ለቤት እየዞርን ስናነጋግር ሁሉም የሚጠይቀን ማን ሊቀመንበር እንደሚሆን ነው። ስለ ምክትሉ የጠየቀን ሰው አላጋጠመንም። ምክትል ሁኑ ብለን የለመንናቸውም ቢሆኑ አብዛኞቹ ለስም ብቻ ከሆነ እንደማይከፋቸው፣ ሥራ ካለው ግን ጊዜ እንደሌላቸው ነግረውናል። ሁለት ፈረቃ የሚሠራ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ምክትልነት ለስም ብቻ የሚያዝ ወንበር ነው የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣብን ሳሰላስል፣ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ሰሓባ ትዝ አለኝ።

ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ለእኛ ለሐበሾች እንግዳ አይደለም። ከልጅነታችን ጀምሮ በንጉሥ ነጃሺ ፊት ቆሞ የተናገረው ሰው እንደሆነ እየሰማን አድገናል። ብዙዎቻችን ታሪኩን የምናቆመው ግን እዚያው ችሎት ላይ ነው። ጃዕፈር ግን በሐበሻ ምድር ለብዙ ዓመታት አንደኛ ሆኖ ከመራ በኋላ፣ በሕይወቱ የመጨረሻ ወራት ሁለተኛ እንዲሆን ተመረጠ። ሁለተኛ ሆኖ ወጣ፣ ተራው ሲደርስ ሰንደቁን አነሳ፣ በዚያው ተሰዋ። የዛሬ ጽሑፌ ስለዚህ ሰው ሕይወት ነው።

ከአቡ ጣሊብ ቤት

ጃዕፈር የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጎት የአቡ ጣሊብ ልጅ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ከታናሽ ወንድሙ ከዐሊ (ረ.ዐ) በአሥር ዓመት ይበልጣል። አቡ ጣሊብ በቁረይሾች ዘንድ የተከበሩ ሰው ቢሆኑም ቤተሰባቸው ብዙ፣ እጃቸው ግን አጭር ነበር። በመካ ድርቅ በገባ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሌላው አጎታቸው ከዐባስ ጋር ተመካክረው ሸክማቸውን ለማቅለል ወሰኑ። ዐሊን ነቢዩ ወሰዱት፣ ጃዕፈርን ዐባስ ወሰደው። ጃዕፈር በአጎቱ ቤት አደገ። ችግር ሲመጣ ቤተሰብ ሸክሙን ተከፋፍሎ እንደሚሸከም ገና በልጅነቱ አየ ማለት ነው።

እስልምናን ከተቀበሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነበር። ባለቤቱ አስማእ ቢንት ዑመይስም (ረ.ዐ) አብራው ሰለመች። በመልኩም በጠባዩም ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) የሚመስል ሰው እንደነበር እርሳቸው ራሳቸው መስክረውለታል።

በሐበሻ ምድር

ነቢይነት በተጀመረ በ5ኛው ዓመት፣ ማለትም በ615 ዓመተ ልደት አካባቢ፣ የቁረይሾች ጭካኔ ሲበረታ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተከታዮቻቸውን ማንም ወደማይበደልበት ንጉሥ አገር እንዲሄዱ መከሯቸው። መጀመሪያ ጥቂት ሰዎች ባሕሩን ተሻገሩ። ከእነርሱ በኋላ የሄደው ቡድን ከሰማንያ በላይ ወንዶችን፣ እንዲሁም ሴቶችና ሕፃናትን የያዘ ነበር። ጃዕፈርና አስማእም ከእነዚህ መካከል ነበሩ።

የዚያ ስደተኛ ማኅበረሰብ አፈ ጉባኤና መሪ ጃዕፈር ሆነ። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ሐበሾች የሚወዱትን የመካ ቆዳ አስጭነው ላኩ። መልእክተኞቹ ንጉሡን ከማግኘታቸው በፊት ለሹማምንቱ በየተራ ስጦታ ሰጡ፣ ስደተኞቹም ሳይጠየቁ እንዲመለሱ ድጋፋቸውን ጠየቁ። ንጉሥ ነጃሺ ግን መጠጊያ ብሎ የመጣባቸውን ሰው ቃሉን ሳይሰሙ አሳልፈው እንደማይሰጡ ተናገሩ፤ ስደተኞቹንም አስጠሩ።

እነዚያ ሙስሊሞች ወደ ችሎቱ ከመግባታቸው በፊት ተሰብስበው ተመካከሩ። ምንም ቢመጣ ነቢያቸው ያስተማሯቸውን እውነት ብቻ ሊናገሩ ተስማሙ፤ ቃሉን የሚያደርሰውም ጃዕፈር ሆነ። የእኛ ስብሰባዎች አንዳንዴ ሁሉም የሚናገርባቸው፣ ማንም የማይወክላቸው ይሆናሉ። እነርሱ በሰው አገር፣ ሕይወታቸው በአንድ ንግግር ላይ በተንጠለጠለበት ሰዓት፣ አንድ አንደበት ነበራቸው።

ጃዕፈር ከእስልምና በፊት የነበሩበትን ሕይወት ሳይሸፋፍን ተናገረ፤ ጣዖት ማምለካቸውን፣ ደካማውን መብላታቸውን፣ ዝምድና መቁረጣቸውን። ከዚያም ነቢዩ ያዘዟቸውን ዘረዘረ፤ አንድ አላህን ማምለክ፣ እውነት መናገር፣ አደራ መጠበቅ፣ ለጎረቤት መልካም መሆን። ንጉሡ ከወረደላቸው ቃል እንዲያነብ በጠየቁት ጊዜ የሱረቱ መርየምን መጀመሪያ ቀራ። ንጉሡም፣ መጻሕፍቶቻቸውን ዘርግተው የተቀመጡት ጳጳሳትም አለቀሱ። በማግስቱ ዐምር ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) የሚሉትን በማንሳት ሊያጣላቸው ሞከረ። ጃዕፈር ለንጉሡ ለማማር ብሎ ቃሉን አልቀየረም። ንጉሡም የቁረይሾችን ስጦታ መልሰው ስደተኞቹ በአገራቸው በሰላም እንዲኖሩ ፈቀዱ።

የተዘጋጁት መርከቦች

ከዚህ በኋላ የተፈጸመ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ አይነገርም። በንጉሥ ነጃሺ ላይ አመፅ ተነሳ። ኢብን ኢስሐቅ በሲራው እንደሚተርከው ንጉሡ ወደ ጦርነቱ ከመሄዳቸው በፊት ለጃዕፈርና ለጓደኞቹ መርከቦች አዘጋጁላቸው። ንጉሡ ከተሸነፉ ተሳፍረው ወደሚፈልጉበት እንዲሄዱ፣ ካሸነፉ ግን ባሉበት እንዲቆዩ አዘዙ። ስደተኞቹን የሚጠብቃቸው የአንድ ሰው ፍትሕ ነበር፤ ያ ሰው ቢወድቅስ የሚለውን ጥያቄ ራሱ ጠባቂያቸው አስቀድሞ መለሰላቸው።

እናታችን ኡሙ ሰለማህ (ረ.ዐ) በዚያው ዘመን ሆነው ያዩትን ሲተርኩ፣ ስደተኞቹ በእነዚያ ቀናት ያሳለፉትን ጭንቀት የሚያህል እንዳላጋጠማቸው ይናገራሉ። የጭንቀታቸው ምክንያት ንጉሡ ከተሸነፉ የሚተካው ሰው እርሳቸው ያወቁላቸውን መብት ላያውቅ መቻሉ ነበር። ወሬውን የሚያመጣ ሰው ሲፈለግ ከሁሉም በዕድሜ ካነሱት አንዱ፣ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ)፣ ራሱን አቀረበ። የቆዳ ስልቻ ነፍተው በደረቱ ላይ አሰሩለት፣ ወንዙን ዋኝቶ ተሻገረ፣ የድሉን ብሥራትም ይዞ ተመለሰ። ይህን ወጣት ልብ በሉልኝ፤ ወደ መጨረሻው ላይ እንመለስበታለን።

የቀረው ሰው

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ622 ወደ መዲና ሲሰደዱ ከሐበሻ ስደተኞች ብዙዎቹ ወደ ዐረብ ምድር ተመለሱ። ጃዕፈር ግን ከቀሩት ጋር ቀረ። በድር አለፈው፣ ኡሑድ አለፈው፣ ኸንደቅም አለፈው። በሐበሻ ምድር ልጆቹ ዐብዱላህ፣ ሙሐመድና ዐውን ተወለዱ። አሥራ ሁለት ዓመት ያህል በሰው አገር ሲኖር ሥራው የአንድ ጃሊያ መሪ ሥራ ነበር፤ ሰዎቹን በሃይማኖታቸው ማጽናት፣ ከባለሥልጣን ጋር ማገናኘት፣ ልጆቻቸው ማን እንደሆኑ እንዳይረሱ ማድረግ። ኮሎምበስ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ያውቃል።

ከየመን በመርከብ የተነሱት አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪና (ረ.ዐ) ከሃምሳ በላይ የሚሆኑ ጓደኞቻቸው ነፋስ ወደ ሐበሻ ሲወስዳቸው የተቀበላቸው ጃዕፈር ነበር። አብረውት ቆዩ፣ አብረውትም ተመለሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐምር ኢብን ኡመያ አድ-ዶምሪን ወደ ንጉሡ ልከው የቀሩት ስደተኞች በመርከብ ሲመለሱ ጊዜው 7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ 628፣ ኸይበር የተከፈተበት ወቅት ነበር። ነቢዩ ጃዕፈርን ግንባሩን ሳሙት፤ በየትኛው የበለጠ እንደተደሰቱ፣ በኸይበር መከፈት ወይስ በጃዕፈር መምጣት፣ መለየት እንዳቃታቸውም ተናገሩ።

በመዲና ግን ሁሉም ነገር ቀላል አልነበረም። ዑመር (ረ.ዐ) አንድ ቀን በልጃቸው በሐፍሷ ቤት አስማእን አገኟት፤ በሂጅራ እንደቀደሟትና ለነቢዩ የበለጠ እንደሚቀርቡ ተናገሯት። አስማእ ተቆጣች። የመዲናዎቹ የራበው የሚበላበት፣ ያላወቀው የሚማርበት ሰው አጠገባቸው እንደነበረ፣ እነርሱ ግን በሩቅ አገር በባዕድ መካከል እንደኖሩ መለሰች፤ ጉዳዩንም ለነቢዩ ሳትነግር እህል ውሃ እንደማትቀምስ ማለች። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለእነዑመር አንድ ሂጅራ፣ ለመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ፈረዱ። ከዚያ በኋላ የመርከቡ ሰዎች ይህን ቃል ከአፏ ለመስማት በየቡድኑ ወደ እርሷ ይመጡ ነበር።

ጃዕፈር በመዲና ያገኘው ስም የሥልጣን ስም አልነበረም። የድሆች አባት ተባለ። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ችግረኞችን ወደ ቤቱ እየወሰደ ያለውን ያበላቸው ነበር፤ ሌላ ነገር ሲጠፋ ባዶውን የቅቤ ስልቻ አውጥቶ፣ ተቀድዶ በውስጡ የቀረውን ይልሱ ነበር።

ሁለተኛ ሆኖ መመረጥ

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መልእክተኛ አል-ሓሪስ ኢብን ዑመይር አል-አዝዲ ወደ ቡስራ ገዢ ደብዳቤ ይዞ ሲሄድ በመንገድ ሹረሕቢል ኢብን ዐምር አል-ገሳኒ ያዘውና ገደለው። መልእክተኛን መግደል በዚያ ዘመን ልማድ ሁሉ የተወገዘ ነበር። በጁማደል ኡላ ወር፣ በ629፣ 3,000 ሰው ያለው ጦር ተዘጋጀ።

ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከዚያ በፊት ያላደረጉትን አደረጉ። አዛዡ ዘይድ ኢብን ሓሪሳህ (ረ.ዐ) እንዲሆን፣ እርሱ ከተሰዋ ጃዕፈር እንዲተካ፣ ጃዕፈርም ከተሰዋ ዐብዱላህ ኢብን ረዋሓህ (ረ.ዐ) እንዲይዝ በሁሉም ፊት አስታወቁ።

ዘይድ ማን ነበር? ነጻ የወጣ ባሪያ ነው። ጃዕፈር ደግሞ የሃሺም ቤት ልጅ፣ የነቢዩ የአጎት ልጅ፣ በንጉሥ ፊት የቆመ፣ ለዓመታት ሕዝብ የመራ። በአቡ ቀታዳህ (ረ.ዐ) ዘገባ መሠረት ጃዕፈር ዘይድ በእርሱ ላይ እንደሚሾም እንዳልጠበቀ ለነቢዩ ተናግሮ ነበር። መልሱ እንዲሄድ፣ የትኛው እንደሚሻል እንደማያውቅ የሚነግር አጭር ቃል ነበር። ጃዕፈርም ሄደ።

እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ደጋግሜ የማስበው ይህንን ቦታ ነው። ጃዕፈር ቅሬታውን በየቤቱ እየዞረ አልተናገረም። ወደሚመለከታቸው ሰው ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ተናገረ፣ መልሱን ሰማ፣ ከዚያ ተሰለፈ። ከወራት በፊት በዑምረቱል ቀዷእ ጊዜ የሐምዛን (ረ.ዐ) ወላጅ አልባ ልጅ ማን ያሳድግ በሚለው ላይ ዐሊ፣ ጃዕፈርና ዘይድ ተከራክረው፣ የእናቷ እህት የጃዕፈር ሚስት ስለሆነች ነቢዩ ልጅቱን ለጃዕፈር ቤት ፈርደው ነበር። ያኔ ዘይድ ተረታ፤ አሁን ደግሞ ዘይድ ቀደመ። ሁለቱም በአንድ ሰንደቅ ሥር በአንድ መንገድ ተጓዙ። ትናንት የተከራከርነውን ሰው ዛሬ ማገዝ ያቅተናል ለምንል ሰዎች መልሱ እዚህ አለ።

ሙእታ

ጦሩ ዛሬ ዮርዳኖስ በምንላት አገር ደቡብ ማዓን ሲደርስ የሮማውያንና የተባባሪዎቻቸው ጦር እንዳልተጠበቀ ብዙ መሆኑ ተሰማ፤ የታሪክ መጻሕፍት እስከ 200,000 ያደርሱታል። ሁለት ሌሊት ተመካከሩ። ወደ መዲና ጽፈው ትእዛዝ ይጠብቁ የሚሉ ነበሩ። ሁለተኛው ምክትል ዐብዱላህ ኢብን ረዋሓህ አበረታታቸው፤ ወደፊት ቀጠሉ። ልብ በሉ፤ ሰንደቁ ገና በዘይድ እጅ ነው፣ የመጨረሻው ምክትል ግን በምክክሩ ውስጥ ነበረ። ዕቅዱን ያውቀው ነበር።

በሙእታ መንደር አጠገብ ውጊያው ተጀመረ። ዘይድ ሰንደቁን እንደያዘ ተሰዋ። ጃዕፈር ሳይዘገይ አነሳው። ውጊያው ሲከብበው ከቀይ ፈረሱ ወርዶ ቋንጃዋን ቆረጠ፤ በእስልምና ታሪክ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው ይባላል። በእግሩ ተዋጋ። ቀኝ እጁ ሲቆረጥ ሰንደቁን በግራው ያዘ፤ ግራው ሲቆረጥ በክንዶቹ ወደ ደረቱ አቅፎ ያዘው፤ በዚያው ተሰዋ። በዚያ ጦር ውስጥ የነበረው ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ሬሳውን ባገኙት ጊዜ በሰውነቱ ላይ ከዘጠና በላይ የጦርና የቀስት ቁስል መቁጠራቸውን ተናግሯል፤ በሌላ ዘገባው ደግሞ ከቁስሎቹ አንዱም በጀርባው እንዳልነበረ።

ዐብዱላህ ኢብን ረዋሓህ ተራው ሲደርስ ለአፍታ አመነታ፣ ነፍሱን ገሠጻት፣ ገባ፣ ተሰዋ። የተነገሩት ሦስት ስሞች አለቁ።

ስሞቹ ሲያልቁ

በዚህ ጊዜ የበድር ተዋጊ የነበረው ሣቢት ኢብን አቅረም (ረ.ዐ) ሰንደቁን ከመሬት አነሳና ሙስሊሞቹ በአንድ ሰው እንዲስማሙ ተጣራ። እርሱን መረጡት፤ እርሱ ግን አልተቀበለም። ሰንደቁን ያነሳው እንዳይወድቅ እንጂ ለራሱ ሊያደርገው አልነበረም። ሰዎቹ በኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ተስማሙ። ኻሊድ ከሰለመ ገና ጥቂት ወራት ቢሆነውም ውጊያ ያውቃል። በዚያን ቀን በእጁ ዘጠኝ ሰይፍ ተሰበረ። አል-ዋቂዲ እንደዘገበው በማግስቱ የቀኙን ወደ ግራ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛውሮ ጠላት አዲስ ጦር የደረሰ እስኪመስለው አደረገ፤ ሠራዊቱንም ከጥፋት አውጥቶ መለሰ።

በአንድ ቀን አራት መሪዎች የተፈራረቁበት ጦር ያልተበተነው ለምንድን ነው? እኔ ሦስት ምክንያት ይታየኛል። የመጀመሪያው፣ ተራው የተነገረው በጭንቅ ሰዓት ሳይሆን ገና ከመዲና ሳይወጡ፣ ሁሉም እየሰማ ነው፤ ስለዚህ ዘይድ ሲወድቅ ማንም ማን እንደሚተካ አልተከራከረም። ሁለተኛው፣ ተተኪዎቹ ሩቅ አልተቀመጡም፤ ያንኑ መንገድ ተጉዘዋል፣ በዚያው ምክክር ተቀምጠዋል። ሦስተኛው፣ ዝርዝሩ ሲያልቅ ሰዎቹ ራሳቸው መምረጥ ያውቁ ነበር፤ ሣቢትም ለማይችለው ነገር አልችልም ማለትን ያውቅ ነበር።

የአስማእ ቤት

መልእክተኛ ሳይደርስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ዓይናቸው እንባ እያፈሰሰ የሦስቱን መሞት በየተራ ለሰዎች ነገሩ። ወደ አስማእ ቤትም ሄዱ። ሊጥ አቡክታ፣ ልጆቿን አጥባና ቀባብታ ነበር። ልጆቹን አስጠርተው አቅፈው ሲያሸቷቸው እንባቸው ፈሰሰ፤ አስማእም ነገሩን ተረዳች። ከዚያም የጃዕፈር ቤተሰብ በሐዘን ተይዟልና ምግብ እንዲሠራላቸው ለቤተሰቦቻቸው ነገሩ። ዛሬ በፎረስት ፓርክ ለሐዘንተኛ ቤት ምግብ ይዘን የምንሄደው ይህንኑ ሱና ተከትለን ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በተቆረጡት እጆቹ ፋንታ በጀነት ሁለት ክንፍ እንደሰጠው ተናገሩ፤ ስለዚህም ባለ ሁለት ክንፉ ተባለ። ልጁ ዐብዱላህ አድጎ በቸርነቱ የታወቀ ሰው ሆነ፤ ኢብን ዑመርም ሲያገኘው በአባቱ ክንፎች እየጠራ ሰላምታ ይሰጠው ነበር። የጃዕፈርና የሁለቱ ጓደኞቹ መቃብር ዛሬ ከሙእታ አጠገብ በአል-መዛር ይገኛል።

ታሪኩ በዚያ አላቆመም። በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደዚያው አቅጣጫ በሚሄድ ጦር ላይ የዘይድን ልጅ ኡሳማን (ረ.ዐ) ሾሙ። እናቱ ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) ናት። ዕድሜው ሃያ ዓመት ገደማ ነበር፤ በሥሩ ትልልቅ ሰሓባዎች ነበሩ። ሰዎች ሲያጉረመርሙ ነቢዩ በአባቱም ሹመት እንዲሁ አጉረምርመው እንደነበር አስታወሷቸው። በ23ኛው ዓመት ደግሞ ዑመር (ረ.ዐ) ቆስለው በተኙበት ተተኪውን እንዲመርጡ ስድስት ሰዎችን ሰየሙ፤ ልጃቸው ዐብዱላህ በምክክሩ እንዲገኝ፣ እርሱ ግን እንዳይመረጥ አደረጉ። ከስድስቱ አንዱ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም ነበር፤ በሐበሻ ወንዙን በስልቻ የተሻገረው ያ ወጣት። ሰው ለትልቅ አደራ የሚዘጋጀው ከትንሽ አደራ ጀምሮ ነው።

ወደ ምርጫችን

የእኛ ሥራ ጦርነት አይደለም፤ አላህ ይጠብቀን። ግን ሰንደቅ የሚወድቅበት መንገድ እዚህም አለ። የማኅበራችን የባንክ ፊርማ፣ የኢሜይሉ የይለፍ ቃል፣ የአዳራሹ ቁልፍ፣ ጀናዛ ሲያጋጥም የሚደወልበት ቁጥር አንድ ሰው ስልክ ውስጥ ብቻ ቢሆንና ያ ሰው ለእናቱ ሐዘን ወደ ወሎ ቢበር ወይም ሆስፒታል ቢተኛ ምን እናደርጋለን? እንደ እኛ ያለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ለአይአርኤስ በየዓመቱ ማቅረብ የሚገባውን ሪፖርት ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ካላቀረበ ከግብር ነጻ የመሆን መብቱ በራሱ ይሰረዛል። የኦሃዮ ግዛትም በየአምስት ዓመቱ ድርጅቱ ሥራ ላይ መሆኑ እንዲረጋገጥለት ይጠይቃል። ሊቀመንበሩ ብቻ የሚያውቀው ቀን ሊቀመንበሩ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርባቸው ነጥቦች ጥቂት ናቸው። አንደኛ፣ ተራው ከምርጫው ቀን ጀምሮ በግልጽ ይነገር፤ ሊቀመንበሩ ባይኖር ማን፣ እርሱም ባይኖር ማን እንደሚተካ ሁሉም አባል ይወቅ። ሁለተኛ፣ ምክትሎቹ በባንክ ሰነዱ ላይ ይፈርሙ፣ በየስብሰባው ይገኙ፣ በዓመት ቢያንስ አንድ ወር ሊቀመንበሩ ዐርፎ እነርሱ ይምሩ። ሦስተኛ፣ ምክትል ስንመርጥ የማንን ወገን እናስደስት ብለን ሳይሆን ነገ ጠዋት ሰንደቁ እጁ ላይ ቢወድቅ ይይዘዋል ወይ ብለን እንጠይቅ። የትውልድ ቀዬው ቦረናም ይሁን ጅማ፣ ሐረርም ይሁን ጎንደር፣ ዘይድና ጃዕፈር በአንድ ተራ ቆመዋል።

አራተኛ፣ ያለ ስም ምክትል ሆነው የሚሠሩትን እንያቸው። የቅዳሜና እሑድ መድረሳችንን ምዝገባ ለሦስት ዓመት የያዘች እህት አለች፤ የልጆቹን ስም፣ የወላጆቹን ስልክ፣ የማን ልጅ ለውዝ እንደማይስማማው ሳይቀር ታውቃለች። እንድትወዳደር ስንጠይቃት ሹመት እንደማትፈልግ ነገረችን። እኔ ሥራውን አስቀድማ ጀምራዋለች ባይ ነኝ፤ የቀረው እኛ ማወቃችን ነው።

ምክትል ሆናችሁ የምትመረጡ ወንድሞችና እህቶች፣ በንጉሥ ፊት የቆመው ጃዕፈር ሁለተኛ መሆንን አላነሰበትም። ሊቀመንበር የምትሆኑም፣ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን ሰው ዛሬውኑ አጠገባችሁ አስቀምጡት።

አላህ አደራን የሚሸከሙ፣ ጊዜው ሲደርስም በሰላም የሚያስረክቡ ያድርገን። ጃዕፈርን፣ ዘይድንና ዐብዱላህን አላህ ይውደድላቸው። በጀነትም ከእነርሱ ጋር ይሰብስበን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።